ሁለት መልሕቅ ያለው ክንፍ፦ ከናቪ አቪዬሽን ወጥቼ ሥራ እስካገኝ

እናቴ እስከ ዛሬ ለሰው የምታስተዋውቀኝ «ልጄ ፓይለት ነው» ብላ ነው። አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል (ናቪ) ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩት ኔቫል ፍላይት ኦፊሰር በሚባለው ሙያ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ አለሁ፣ ደረቴ ላይ የወርቅ ክንፍ አለ፣ መሪውን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው። ልዩነቱን ማወቅ የፈለገ ክንፉን ቀረብ ብሎ ይየው። የፓይለቱ ክንፍ መሃል አንድ መልሕቅ አለ፣ የእኛ ላይ ደግሞ ሁለት መልሕቅ ተጣምሮ። ይቺው ናት። ከናቪ ስወጣ ግን ይቺ አንዲት ትርፍ መልሕቅ ሁለት ዓመት በላችብኝ።

ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሰሞን ሁለት የኛ ልጆች በስልክ ስላገኙኝ ነው። አንዱ ኦፊሰር ነው፣ አንዷ የአውሮፕላን ጥገና ላይ ናት፣ ሁለቱም ሊወጡ ወራት ቀርቷቸዋል። ስሰማቸው የራሴን ድምፅ የሰማሁ ነው የመሰለኝ። «ወጥቼ ትንሽ አርፍና እጀምራለሁ» ይላሉ። ቆይ፣ አትረፉ። መጀመሪያ ይሄን አንብቡ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ ወረቀቶቼ በዚያ ስለሆኑ።)

የተወለድኩት ደሴ ነው። ሲያትል የመጣሁት በ15 ዓመቴ፣ አጎቴ ጋ ነው። ዋና አልችልም ነበር። ደሴ ላይ የት ይዋኛል? ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በ2004 ፔንሳኮላ፣ ፍሎሪዳ ለኦፊሰርነት ሥልጠና ስገባ ዋና የተማርኩት ገና ያን ዓመት፣ ሰፈር ባለ መዋኛ ከትንንሽ ልጆች ጋር ነበር። ከዚያ ፔንሳኮላ ላይ ሄሊኮፕተር የሚመስል ቆርቆሮ ውስጥ በቀበቶ አስረው፣ ውኃ ውስጥ ጨምረው ይገለብጡሃል። ቁልቁል ተዘቅዝቀህ ቀበቶህን ፈትተህ መውጣት ነው። ሲደጋገም ዓይንህን ሸፍነው ነው። አፍንጫዬ ውስጥ የገባው የክሎሪን ውኃ እስከ ማታ ያቃጥለኝ ነበር። አጎቴ በስልክ ሳወራለት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እኛን ምጽዋ ላይ ከነልብሳችን ነበር የሚወረውሩን» አለኝ።

አጎቴን ማወቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ነገር ግማሹ የእሱ ነው። ጋሼ ነው የምለው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር፣ «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ላይ፣ ሞተር ክፍል። ምጽዋ በ1990 ስትያዝ አሰብ ነበር። በግንቦት 1991 መንግሥት ሲወድቅ የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሲሻገሩ እሱም ከነመርከቧ ተሻገረ። የመን ቆየ፣ ከዚያ በስደተኝነት ሲያትል ገባ፣ ከዚያ ታክሲ። ኤርፖርት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ነድቷል። 16 ዓመት የመርከብ ናፍጣ ሞተር የጠገነ ሰው ነው እንግዲህ። ወደብ ላይ ሥራ ለመግባት ስንት ጊዜ ሞክሯል። «ያገለገልክበትን ማስረጃ አምጣ» ይሉታል። ማስረጃው አሰብ ቀርቷል። ልጻፍልህ የሚል መሥሪያ ቤትም አልነበረም። ያ ባሕር ኃይል እኮ በ1996 ጭራሽ ፈረሰ።

እኔ ይሄን ታሪክ በልጅነቴ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። ለእኔ ምክር መሆኑን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ናቪ ውስጥ የበረርኩት ፒ-3 ኦራየን ላይ ነው። ባለ አራት ሞተር፣ ባለ ፕሮፔለር፣ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ አውሮፕላን። 11 ሰው ይዞ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አንዳንዴ አሥር ሰዓት አየር ላይ ይውላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ከአራቱ ሞተር አንዱን አውቀን አጥፍተን እንዞራለን። ይሄን አንድ ቀን ለእናቴ ነግሬያት «በእመቤቴ!» ብላ ስልኩን ለአባቴ ሰጠችው። ከኋላ የምንቀመጠው ኦፊሰሮች መጀመሪያ ናቪጌሽንና ሬዲዮውን እንይዛለን፣ ስንበስል ታኮ እንሆናለን። ታኮ ማለት ራዳር የሚያየው፣ ካሜራ የሚይዘው፣ የውኃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጠው፣ ሁሉም ያየውንና የሰማውን የሚነግረው ሰው ነው። የሁሉንም ቁርጥራጭ ገጣጥመህ አንድ ሥዕል ታደርገዋለህ፣ ከዚያ «አሁን ወደዚህ እንሂድ» የምትለው አንተ ነህ። ፓይለቱ ይበርራል። የት እንደሚበርር ግን አብራችሁ ነው የምትወስኑት።

ፒ-3 የተሠራው ሰርጓጅ መርከብ ለማደን ነው። እኔ በደረስኩበት ዘመን ግን ኢራቅ በረሃ ላይ መንገድ ሲጠብቅ ይውል ነበር። ምድቤ ሲያትል አጠገብ ዊድቢ ደሴት ነበር፣ ከ2007 እስከ 2010። ከዚያ እየተነሳን ነው የምንዘምተው። በ2009 የሶማሌ ወንበዴዎች ነገር ሲብስ ከጅቡቲ እየተነሳን የኤደን ባሕረ ሰላጤን እናስስ ነበር። ጋሼ በስልክ «ባብ ኤል መንደብን አየኸው? ፔሪም ደሴትን አየሃት?» ይለኛል። የት እንደሆንኩ መናገር አልችልም። ዝም ስል «ገባኝ፣ ገባኝ» ይላል ደስ ብሎት።

በ2010 ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወርኩ። ሦስት ዓመት ስብሰባ፣ ኢሜይል፣ ፓወርፖይንት። በ2013 ግዴታዬን ጨርሼ ሌተናንት ሆኜ ወጣሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ፣ ኢንተርቪው ላይም ማኅበር ላይም ስለሚያምታታ። የናቪ ሌተናንት ማለት ምድር ጦር ሻምበል የሚባለው ነው። የናቪ ካፒቴን ደግሞ ኮሎኔል ነው። የማዕረግ ስማችሁን ብቻ ሪዙሜ ላይ ጽፋችሁ ሰው ይገባዋል ብላችሁ አትጠብቁ። ስንት ሰው መራሁ፣ በስንት ሚሊዮን ዶላር ዕቃ ላይ ኃላፊ ነበርኩ፣ ይሄን ጻፉ። ይሄን ማንም ይነግራችኋል፣ ስለዚህ ልለፈው።

ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ስወጣ ደብተሬ ላይ ከ1,600 በላይ የበረራ ሰዓት ነበረኝ። ልቤ ሙሉ ነው። አየር መንገድ እገባለሁ ብያለሁ፣ ለእናትም ተነግሯል፣ ለማኅበሩም ተነግሯል። አንድ የሥራ አውደ ርዕይ ላይ ከአንድ አየር መንገድ ቀጣሪ ጋር ቆምኩ። ጥሩ ሰው ነበር፣ ጡረታ የወጣ ፓይለት። ሪዙሜዬን አየና በእርሳሱ ቁጥሩ ላይ ክብ አደረገ። «ከዚህ ውስጥ አንተ እያበረርክ የነበረው ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ዜሮ። «ዜሮ ነው ጌታዬ» አልኩት። እርሳሱን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጨዋታ ለትሕትና ያህል ነው የተጫወትነው።

ኤፍኤኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ የወታደር ፓይለቶችን በጣም ያግዛል። ባለ አንድ መልሕቁ ጓደኛዬ ማስረጃውን አቅርቦ አንድ የጽሑፍ ፈተና ብቻ ተፈትኖ ኮመርሻል ላይሰንስ አወጣ። እኔ አውሮፕላኑ ውስጥ ከኋላው ቁጭ ብዬ ያሳለፍኳት እያንዳንዷ ሰዓት ለዚያ አትቆጠርም። ጊዜውም ክፉ ገጠመኝ። በየካቲት 2009 ቡፋሎ አቅራቢያ የኮልገን አየር መንገድ በረራ ወድቆ 50 ሰው ከሞተ በኋላ ኮንግረስ ሕጉን አጥብቆ ነበር። ያ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እኔ በወጣሁበት ዓመት፣ በነሐሴ 2013 ነው። ከዚያ በፊት ረዳት ፓይለት ለመሆን 250 ሰዓት ይበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ 1,500 ሆነ። ለወታደር ፓይለት 750። ለእኔ ቢጤ ሙሉው 1,500፣ ያውም ከዜሮ ተጀምሮ።

ያኔ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። እልህ ነው። ጂአይ ቢል አለኝ፣ ላገለገለ ወታደር የሚሰጥ የትምህርት ክፍያ ማለት ነው፣ ይከፍልልኛል ብዬ ወደ በረራ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እዚህ ላይ በደንብ ስሙኝ። ጂአይ ቢል የመጀመሪያዋን የግል ፓይለት ላይሰንስ ብቻዋን አይከፍልም፣ እሷን በራስህ ገንዘብ አውጥተህ፣ የሕክምና ማስረጃህንም ይዘህ ነው የምትመጣው። ከዚያ በኋላ ያለውን በግል በረራ ትምህርት ቤት ብትማር በዓመት ጣሪያ አለው። የቤት ኪራይ አበል ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሥልጠና የለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከዲግሪ ጋር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ላይሰንሷን በቁጠባዬ ካወጣሁ በኋላ፣ ሚስቴ የባንክ ደብተራችንን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስትጠብቀኝ ነው። ምንም አላለችም። እሱ ነው የከፋው።

በዚያው ሰሞን ነው ጋሼ ቤት ለእሑድ ምሳ የሄድነው። ቡና እየተፈላ ሳለ «እስቲ ወረቀትህን አሳየኝ» አለ። የምን ወረቀት? «መውጫህን ነዋ!» ዲዲ 214ን ማለቱ ነው፣ ከውትድርና ስትወጣ የሚሰጥህን የአገልግሎት ማስረጃ። መኪና ውስጥ፣ የጓንት ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ከዘይት ቅየራ ደረሰኝ ጋር ታጥፎ። ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ተቆጣ ማለት አይገልጸውም። መነጽሩን አድርጎ ብርሃን ያለበት መስኮት ጋ ሄዶ በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አነበበው። እንግሊዝኛው እንደ እኔ አይደለም፣ ግን የማኑዋል አነባበብ ያውቃል። «የናቪጌተርነት ትምህርትህ የት አለ?» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የለበስኩት ክንፍ የመጣበት ኮርስ ትምህርት የሚዘረዘርበት ሣጥን ውስጥ የለም። በስድስት ወር ውስጥ አንዴም አላነበብኩትም ነበር።

ስለዚህ ምክር ቁጥር አንድ፣ ከቁጥር ሁለት እስከ አሥርም እሱ ነው፦ ዲዲ 214ን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት። ሣጥን 11 ላይ ሙያችሁና የቆያችሁበት ጊዜ አለ። ሣጥን 14 ላይ የወሰዳችሁት ትምህርት አለ። ሣጥን 24 ላይ በምን ሁኔታ እንደወጣችሁ አለ። ቀጣሪም፣ ቪኤም (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የሚጠይቀው አራተኛ ቅጂ የሚባለውን ነው፣ ምክንያቱም አጭሩ ቅጂ ላይ ሣጥን 24 የለም። ከወጣችሁ በኋላ ስህተት ሲገኝ የሚታረመው ዲዲ 215 በሚባል ተጨማሪ ወረቀት ነው፣ ይመጣል፣ ግን እኔ ወራት ጠብቄያለሁ። ዲዲ 214 ብቻም አይበቃም። የበረራ ደብተራችሁን እያንዳንዱን ገጽ ቅዱ። የብቃት ማረጋገጫዎቻችሁን፣ የሥራ ግምገማዎቻችሁን፣ የሥልጠና ፋይላችሁን ሁሉ። ዩኒፎርም ለብሳችሁ ሳለ አንድ ቢሮ ገብታችሁ በአሥር ደቂቃ የምታገኙት ወረቀት ከወጣችሁ በኋላ ማመልከቻ፣ ፋክስና ትዕግሥት ይጠይቃል።

የሕክምናው ጉዳይ ደግሞ አለ። እዚህ ላይ የኛ ሰው ጠባይ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ስወጣ የመጨረሻ ምርመራ ላይ ሐኪሟ «ምን ያምሃል?» ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ። «ደህና ነኝ።» ያደግንበት ነው፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው እንኳን «ተመስገን» ነው የሚለው። ጆሮዬ ውስጥ ግን አራት ፕሮፔለር እስከ ዛሬ ይዞራል። ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል እንደ ሩቅ ጀነሬተር ይሰማኛል። አልተናገርኩም፣ አልተጻፈም። ለቪኤ የጉዳት ካሳ ያመለከትኩት ከወጣሁ በ14ኛው ወር ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ያመለከተ ሰው ክፍያው ከወጣበት ማግስት ጀምሮ ይታሰብለታል። እኔ ካመለከትኩበት ቀን ነው የታሰበልኝ። የጆሮ ጩኸት 10 ፐርሰንት ነው፣ ብዙ ብር አይደለም። ግን ያ ዓመት የእኔ ነበር። ብልኆቹ ሳይወጡ፣ ከመውጫ ቀናቸው ከ180 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚያመለክቱት። ሐኪም ፊት «ተመስገን» አትበሉ። የሚያማችሁን ተናገሩ፣ ይጻፍ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ተመስገን በሉ።

ሥራውን ያገኘሁት እንግዲህ በአንድ ክርስትና ላይ ነው። በ2014 መጨረሻ። አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ክትፎ እየበላን ምን ትሠራለህ ተባባልን። እሱ የአንድ አየር መንገድ የበረራ ዲስፓቸር ነው። ታክሲ የሚልክ ዲስፓቸር መስሎኝ ነበር መጀመሪያ፣ አጎቴን ስለማውቅ። ሳቀብኝ። ከዚያ ሲያስረዳኝ እጄ ላይ የያዝኩት ጉርሻ ቆመ። አየሩን ያያል፣ መንገዱን ያወጣል፣ ነዳጁን ያሰላል፣ የሚያርፍበት ቢዘጋ የት እንደሚሄድ ይወስናል፣ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ይከታተላል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ለበረራው ካፒቴኑና ዲስፓቸሩ እኩል ተጠያቂ ናቸው። ሁለቱም ካልተስማሙ አውሮፕላኑ አይነሳም። «ይሄማ ታኮ ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ዞር ብሎ አየኝ።

ማታውኑ የኤፍኤኤን ደንብ ከፍቼ ሳነብ ነው እንግዲህ ራሴን በጥፊ መምታት ያማረኝ። የዲስፓቸር ላይሰንስ ለማውጣት ሁለት በር አለ። አንዱ ቢያንስ 200 ሰዓት ትምህርት ነው። ሌላው ልምድ ነው፤ ከማመልከትህ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ በድምሩ ሁለት ዓመት በወታደር አውሮፕላን ላይ ፓይለት፣ ወይም ናቪጌተር፣ ወይም የአየር ጠባይ ባለሙያ ሆነህ ከሠራህ ኮርሱን መውሰድ አያስፈልግህም። ናቪጌተር! በጽሑፍ፣ በስም የተጠቀሰ። ለፓይለትነት ዜሮ የሆነው ሰዓቴ እዚህ ይቆጠራል። ብቻ የእኔ ሦስት ዓመት አልፏል። መቼ አለፈ ስትሉ፣ ቢሮ ተቀምጬ ፓወርፖይንት ስሠራ፣ በ2011 ገደማ፣ ገና ዩኒፎርም ለብሼ ሳለሁ። በሩ ሲዘጋ አጠገቡ ነበርኩ፣ በር መሆኑን ስላላወቅሁ ዞሬ አላየሁትም።

ስለዚህ አሁን እየበረራችሁ ያላችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ ከኋላ የምትቀመጡ፣ ወደ ቢሮ ከመዛወራችሁ በፊት ፈተናውን ተፈተኑ። ለመፈተን መውጣት አያስፈልግም፣ ለጽሑፉ ፈተና 21 ዓመት፣ ለላይሰንሱ 23 ዓመት መሙላት ነው። የጽሑፉ ፈተና 80 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 70 ፐርሰንት። ከዚያ የቃልና የተግባር ፈተና አለ። ጂአይ ቢል ለአንድ የላይሰንስ ፈተና እስከ 2,000 ዶላር ይመልሳል፣ ይሄንንም ብዙ ሰው አይጠቀምበትም።

የጥገና ልጆችም ተመሳሳይ በር አላችሁ። በአውሮፕላን ሞተርም በአካሉም 30 ወር የተመሰከረ ልምድ ካላችሁ ትምህርት ቤት ሳትገቡ ለሁለቱም ላይሰንስ መፈተን ትችላላችሁ። ለአንዱ ብቻ 18 ወር ይበቃል። «የተመሰከረ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ለደወለችልኝ ልጅ ያልኳትም ይሄንኑ ነው፦ አለቃሽ ሳይቀየር አጽፊው።

እኔ የ200 ሰዓቱን ኮርስ ወሰድኩ። ከ20 ዓመት ልጆች ጋር። አስተማሪው ስለ ነጎድጓድ ሲያወራ በሆዴ «እኔ እኮ ውስጡ ነበርኩ» እላለሁ፣ ፈተና ላይ ግን እነሱ ይበልጡኛል። ሥራ የጀመርኩት ሚድዌስት አንድ ትንሽ አየር መንገድ ነው፣ ሌሊት ሺፍት፣ ናቪ ከማገኘው ግማሽ በማይሞላ ደሞዝ። ሚስቴ ሲያትል ቀረች። ያን ዓመት አላሳምረውም፤ በፌስታይም የልጄን የመጀመሪያ እርምጃ አየሁ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቼ ነው ትልቅ አየር መንገድ የገባሁት። እንደ እኔ ከመሆን፣ አሁን ስኪልብሪጅ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ አለቃችሁ ከፈቀደ የመጨረሻውን እስከ 180 ቀን የመንግሥት ደሞዛችሁን እየበላችሁ ኩባንያ ውስጥ ትሠራላችሁ። የመውጫ ትምህርቱንም ሕጉ ቢያንስ ከ365 ቀን በፊት ጀምሩ ይላል። በመጨረሻው ሳምንት የሚቀመጡበት አይደለም። ጂአይ ቢልን ለሚስት ወይም ለልጅ ማስተላለፍ የፈለገ ደግሞ ሳይወጣ ነው መፈረም ያለበት፣ ስድስት ዓመት አገልግሎ ተጨማሪ አራት ለማገልገል ተስማምቶ። ከወጣ በኋላ የለም።

አሁን ሥራው ምን ይመስላል ብላችሁ እንደሆነ አንድ ማታ ልንገራችሁ። ሐምሌ ነው፣ ዴንቨር ዙሪያ ደመናው እንደ አበባ ጎመን ተነስቷል። አንድ በረራዬ ሊነሳ 40 ደቂቃ ቀርቶታል። ሕጉ እስከ መድረሻ፣ ከዚያ እስከ ተለዋጭ ማረፊያ፣ በላዩ የ45 ደቂቃ ነዳጅ ይላል። እኔ ከዚያ በላይ 3,000 ፓውንድ ጨመርኩበት። ካፒቴኗ ደወለች። «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? ዕቃ ላወርድ ነው እንዴ?» የደመናውን መስመር በየት በኩል እንደሚመጣ ነገርኳት፣ የምትደርስበትንና እሱ የሚደርስበትን ሰዓት አስተያየሁላት። ትንሽ ዝም አለች። «እሺ፣ ልክ ነህ» አለች። ሄደች፣ ከዴንቨር ደቡብ ምሥራቅ 35 ደቂቃ ዞረች፣ አረፈች። ስታርፍ «ስለ ነዳጁ አመሰግናለሁ» የምትል አጭር መልእክት በኮክፒት የመልእክት መሣሪያዋ በኩል ላከችልኝ። ሁለታችንም ተያይተን አናውቅም። ፒ-3 ላይ ከፊትና ከኋላ ሆነን በሽቦ እንደምንነጋገረው ነው፣ ሽቦው ብቻ ነው የረዘመው።

በዓመት ቢያንስ አምስት ሰዓት ደግሞ ኮክፒት ውስጥ ከፓይለቶቹ ኋላ ቁጭ ብዬ መብረር ግዴታዬ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ገና በር ላይ ቆመን ሳለ ፎቶ ተነስቼ ለእናቴ ላክሁላት። «ይኸው! አላልኩም?» ብላ ለማኅበሩ በሙሉ በትናዋለች። ተውኩት።

ከሁለት ዓመት በፊት ስለ ጋሼ መርከብ ሳነብ ያገኘሁትን ነገር ሳልነግራችሁ አልሄድም። «ኢትዮጵያ» መጀመሪያ የአሜሪካ ናቪ መርከብ ነበረች። ስሟ ኦርካ ነበር። በ1944 ነው አገልግሎት የጀመረችው፣ ሥራዋ ደግሞ ባሕር ላይ የሚያርፉ የቅኝት አውሮፕላኖችን ነዳጅ መሙላት፣ መጠገን፣ ሠራተኞቻቸውን ማሳደር። የእኔ ፒ-3 አያቶች ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ፈታ ቆመች፣ ተጠራች፣ እንደገና ቆመች፣ በ1962 ለኢትዮጵያ ተሰጠችና ምጽዋ ገባች። በ1993 የመን ላይ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እሱስ ይሁን። የተሠራችው የት እንደሆነ ሳነብ ግን ከወንበሬ ተነሳሁ። ሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ግቢ፣ ኪርክላንድ። ከጋሼ ቤት ሐይቁን ተሻግሮ ነው። ሃያ ዓመት ሰው ሲያመላልስበት የኖረው ሰፈር።

ይዤው ሄድኩ። ቦታው አሁን ካሪሎን ፖይንት ይባላል፣ ሆቴል አለ፣ ቢሮዎች አሉ፣ የሀብታም ጀልባ ተደርድሮበታል። እዚህ ነው የተሠራችው አልኩት። አላመነኝም። ስልኬ ላይ አሳየሁት፣ መነጽሩን አውጥቶ እንደዚያን ቀን በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ከዚያ የእንጨቱ መተላለፊያ ጫፍ ድረስ ሄዶ ቆመ። ውኃውን አያይም፣ ወደ ዳር ወደ መሬቱ ነው የሚያየው፣ መርከብ የሚገፋበትን ተዳፋት የሚፈልግ ይመስላል። «ሞተሯ ጠዋት ጠዋት ያስቸግር ነበር» አለ። «ሁለተኛው።» ከዚያ ስለ ሁለተኛው ሞተር ግማሽ ሰዓት አወራኝ፣ የትኛው ቱቦ እንደሚያፈስ፣ በምን እንደሚያስሩት፣ ማን በዚህ ተቆጥቶ ማን እንደታሰረ።

መኪናው ጋ ስንመለስ የፓርኪንግ ትኬት ከማሽኑ ላወጣ ስል እጄን ያዘኝ። «እዚህ ሆቴል ሰው ላወርድ ስመጣ ሃያ ዓመት አንድም ቀን ከፍዬ አላውቅም» አለ። «ዛሬ መርከቤን ላይ መጥቼ ልከፍል ነው?» ሮጥ ብለን ገብተን ወጣን።